የቅዳሜው የኳርትዝ ክሪስታል ጥገናና ፍተሻ

ሰላም ለሁላችሁም፤

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ አራት ኪሎ፣ በተለመደው ክፍላችን ተገናኝተን የድሮ ኳርትዝ ክሪስታሎችን፣ ማለትም እየነዘሩ የሬዲዮን ፍሪኩዌንሲ የሚወስኑትን ቁራጮች፣ እናጸዳለን፤ እንፈትሻለን። 11 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን።

የምንጀምረው ኤፍቲ 243 በሚባለው የክሪስታል ዓይነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደራዊ ሬዲዮ በብዛት የተሠራው ማለት ነው። ደስ የሚለው፣ ብሎኖቹን ፈትቶ መክፈት ይቻላል። ውስጡ ስስ የኳርትዝ ቁራጭ በሁለት ብረቶች መካከል ተቀምጧል፤ ከላይ ሞላ ይጫነዋል። ብዙ ጊዜ «ሞቷል» ተብሎ የሚጣለው የቆሸሸ ብቻ ነው፤ በአልኮል ሲታጠብ ይነሣል። እኔ እንዲህ ሲነሣ ባየሁ ቁጥር ደስታዬ አዲስ ነው። በባዶ እጅ ግን እንዳትነኩት። የጣት ቅባት ብቻውን ንዝረቱን ያዳክመዋል። በብርጭቆ ወረቀት መፋቅም አይፈቀድም፤ ኳርትዙ በሳሳ ቁጥር ፍሪኩዌንሲው ይጨምራል፣ መመለሱ ከባድ ነው።

ወረንጦ፣ ትንሽ ካቻቢቴ፣ ለስላሳ ብሩሽና ጓንት ያዙ። አልኮሉን እኔ አመጣለሁ። ማሞቂያ ያለው ኦሲሌተር (የተረጋጋ ፍሪኩዌንሲ የሚያመነጭ መሣሪያ) የምታመጡ 7:30 ድረሱ፤ ሳይሞቅ ከለካነው ቁጥሩ አይረጋም።

አንድ የምንወስነው ነገር አለ፦ የፍሪኩዌንሲ መለኪያ በጋራ እንግዛ ወይስ በውሰቱ እንቀጥል? የእኔ ሐሳብ እንግዛ ነው። ውጤቱን ከወር ወር ማወዳደር የምንችለው በአንድ መሣሪያ ስንለካ ነው።

የምትመጡ ሰዎች ስንት ክሪስታል እንደምትይዙና በግዢው ላይ ያላችሁን ሐሳብ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።