የተዳፈነ እሳት ጠፋ አይባልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ ውስጥ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ እሠራለሁ። በጋ በመጣ ቁጥር የቃጠሎ ዜና ታወጣላችሁ፤ መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «በኅብረተሰቡ ርብርብ በቁጥጥር ሥር ዋለ»። እኔም ይህን አንብቤ ተመስገን ብዬ አልፍ ነበር። ካቻምና ጥር ላይ በደረሰብኝ ነገር ግን ቃሉን ማመን አቃተኝ።

ከሥራ ቤቱ ጀርባ፣ በባሕር ዛፉ አጥር ጥግ፣ ለዓመታት የተከመረ ሰጋቱራ ነበረኝ። ቁመቱ እስከ ወገቤ ይደርሳል። ጎረቤት በማዳበሪያ እየሞላ ለምድጃ ይወስድ ነበር። የጥምቀት ሰሞን ቡና ተፈላና የከሰሉ አመድ ክምሩ ጫፍ ላይ ተደፋ። የደፋው የቤቴ ሰው ነው፤ ክፋት አልነበረበትም። አመዱ የሞተ ይመስል ነበር። ማታ ትንሽ ጭስ አየን። ሦስት ጀሪካን ውሃ ደፋንበት፤ ጭሱ ቆመ፤ ገብተን ተኛን።

በሦስተኛው ቀን ጭሱ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ በአጥሩ ሥር ብቅ አለ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ጋሼ፣ ቆይ ልየው» ብሎ ክምሩ ላይ ወጣ። ከላይ የሚታየው ደረቅ ሰጋቱራ ብቻ ነው። እግሩ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። ውስጡ ተበልቶ ባዶ ሆኗል፤ ከሥሩ ያለው ፍም ነው። ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቁስሉ ለመድረቅ ሁለት ወር ፈጀ።

እሳት እንዲያጠፉ የጠራናቸው ሰዎች መጡ። ከላይ ከላይ ውሃ ረጩና «አለቀ» ብለው ሄዱ። ውሃው በሰጋቱራው ላይ ተንሸራቶ ወደ ቦዩ ወረደ። ሌሊት እንደገና ጨሰ። ጠዋት የጎረቤቴ እናት መጥተው አዩና፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ የተዳፈነ እሳት ነው፤ ካልገለጥከው መች ይጠፋል?» አሉኝ። በዶማና በአካፋ ክምሩን ገለበጥነው፤ መሬት ላይ በተንነው፤ እንደ ጭቃ እስኪሆን ውሃ እያፈሰስን አቦካነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሠራን። ከዚያ በእጄ ጀርባ እየዳሰስኩ፣ የትም ቦታ ሙቀት እንደሌለው ሳረጋግጥ ነው የተኛሁት።

እናቴም ማታ ማታ ረመጡን አመድ አልብሳ ትዳፍነው ነበር። ጠዋት ገልጣ በጭራሮ ታያይዘዋለች። ይህን እያየሁ አድጌ እንዴት እንደሳትኩት ይቆጨኛል።

ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ አለችኝ። ነገሩን ስነግራት፣ መሬት ራሱ እንዲህ የሚነድበት አገር እንዳለ አነበበችልኝ። ረግረግ ውስጥ የወደቀ ተክል አየር ስለማያገኝ ሳይበሰብስ ይከማቻል። በዓመት የሚጨምረው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜትር ለመሆን ሺህ ዓመት ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን አፈር ፒት ይሉታል። እርጥብ ሳለ አይነድም፤ ከደረቅ ክብደቱ በላይ ውሃ ከያዘ በቀላሉ አይያያዝም። ውሃው ተንጠፍጥፎ ከደረቀ ግን እንደኔ ሰጋቱራ ነው። መብረቅ ወይም ገበሬ ለምንጣሮ የለኮሰው እሳት ይበቃዋል።

ነበልባል የሚነደው ከእንጨቱ በሚወጣው ጋዝ ነው። የተዳፈነ እሳት ግን ያለ ነበልባል ነው የሚነደው፤ አየሩ ፍሙን ራሱን እየነካ ይበላዋል። ሙቀቱ ከ500 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ከነበልባል ያንሳል። ፍጥነቱም በሰዓት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ጉልበቱ አለመቸኮሉ ነው። በላዩ ያለው አፈርና አመድ ሙቀቱን ይይዝለታል፤ አየር በስንጥቁ እየገባ በጥቂቱ ይመግበዋል። ሳምንት፣ ወር ይቆያል። የዛፉን ሥር ከታች በልቶ ዛፉን ድንገት ይጥለዋል። በአላስካና በሳይቤሪያ ክረምቱን በበረዶ ሥር አሳልፎ በጸደይ ብቅ ያለ እሳት አለ። ደግሞ ጭሱ! ይህ ዓይነት ቃጠሎ ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። በር ዘግተው ከሰል አንድደው ተኝተው የቀሩ ሰዎችን የገደለው ይኸው ጋዝ ነው።

ኢንዶኔዥያ ያደረገችውን ስሰማ በጣም አዘንኩ። እንደ ፈረንጆች በ1995 የፕሬዚዳንት ሱሃርቶ መንግሥት በካሊማንታን አንድ ሚሊዮን ሄክታር የሚያህል ረግረጋማ መሬት ሩዝ ይብቀልበት ብሎ ተነሣ። በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ቦይ ተቆፈረ፤ ውሃው ተንጠፈጠፈ። ሩዙ እንደታሰበው አልሆነም። በ1997 ድርቅ ሲመጣ አፈሩ ተያያዘ። ጭሱ ሲንጋፖርና ማሌዥያ ድረስ ሄደ። ቃጠሎው በደንብ የረገበው ዝናብ ሲመጣ ነው። በ2015ም እንደገና ነደደ።

ይህ ጎንደርን ምን አገባው የሚል ይኖራል። ጣና ቅርባችን ነው። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ሥር ባወጡት ጭቃ ውስጥ የፒት ሽፋን አግኝተዋል፤ ከ15 ሺህ ዓመት በላይ በፊት ሐይቁ ደርቆ ከቆየ በኋላ የደንገል ረግረግ ነበረ ማለት ነው። ዛሬ በደምቢያና በፎገራ ዳርቻ ደንገሉ እየተመነጠረ እርሻ ሲሆን እናያለን። ገበሬውን አልወቅስም፤ ልጆች አሉት። ግን የረግረጉ ውሃ ሲንጠፈጠፍ ከሥር ያለው ደረቅ ሥርና ቅጠል ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ሊኖር ይገባል። በ2011 ዓ.ም. ሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ያን ጊዜ የጓሳው ሣርና የአስታው ቁጥቋጦ ሲጋይ ልባችን ተቃጥሏል። በአስታ ሥር እሳት እንደሚያድር ደግሞ የደባርቅ ሰው አይነገረውም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የቃጠሎ ዜና ስትሠሩ «ጠፋ» ካሏችሁ፣ አፈሩ ተቆፍሮ ታይቷል ወይ? በእጅ ተዳስሷል ወይ? ማን አብሮት አደረ? ብላችሁ ጠይቁ። ከጥር ጀምሮ ደግሞ በጋዜጣችሁ ጥግ ላይ ሁለት መስመር አውጡልን፦ የምድጃ አመድ ሰጋቱራ፣ ጭድ ወይም የኩበት ክምር ላይ አይደፋ። የሚጨስ ክምር ላይ ማንም አይውጣ፤ በተለይ ልጆች።

ክምሩ የነበረበትን ቦታ አጽድቼ በርሜል ውሃ አቁሜበታለሁ። የቡናውን አመድ አሁን አሮጌ ባልዲ ውስጥ አድርገን ውሃ እናፈስበታለን፤ አድሮ ነው የሚደፋው። ልጁም ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ባልዲውን የሚደፋው እሱ ነው።

አክባሪያችሁ
አናጢው፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር