የሳይኮሎጂ ክበቡን የፈቃድ ቅጽ ሳታነቡ እንዳትፈርሙ

ለተከበራችሁ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ትናንት በልጆቻችሁ እጅ የአንድ ገጽ የፈቃድ ቅጽ ልከናል። ማታ ደክሟችሁ ስትገቡ "እዚህ ጋ ፈርሙልኝ" እየተባለ የሚቀርብላችሁ ወረቀት ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ይሄኛውን ግን ሳታነቡ እንዳትፈርሙ አደራ እላለሁ።

የሳይኮሎጂ ክበባችን አባላት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ከዘጠነኛ ክፍል ልጆች ጋር አነስ ያለ ጥናት ሊሠሩ ነው። ጥያቄያቸው ቤታችሁ ድረስ ይገባል። ለፈተና የሚበጀው ደብተርን ደጋግሞ ማንበብ ነው ወይስ ደብተሩን ዘግቶ ያነበቡትን ለማስታወስ መታገል?

ወሬውን ቀድመው የሰሙ አንዲት እናት ደንግጠው ደውለው "ልጄ ምን ሆነ ብላችሁ ነው?" አሉኝ። ምንም አልሆነም። ሳይኮሎጂ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የአእምሮ ሕመምን ነው። ሕክምናው ግን የሙያው አንዱ ዘርፍ ብቻ ነው። ሰው እንዴት ያስባል፣ እንዴት ይማራል፣ እንዴት ይረሳል የሚለውም የሳይኮሎጂ ጥያቄ ነው። በዚህ ላይ ፈላስፎች ለብዙ ዘመን ሲከራከሩ ኖረዋል። በኋላ መለካት ተጀመረ። ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጀርመን አገር ላይፕዚግ ውስጥ ለዚሁ ሥራ ላብራቶሪ ከፈተ። እዚያ ሰው ድምፅ ሰምቶ ቁልፍ እስኪጫን ድረስ የሚያልፈው ቅጽበት ሳይቀር ይለካ ነበር።

ለተማሪ ግን ከቩንት ይልቅ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ይቀርባል። ይህ ጀርመናዊ ያጠናው ራሱን ነው። "ቬግ"፣ "ዞፕ" እንደማለት ያሉ ትርጉም የሌላቸው ቃላት ደርድሮ ይሸመድድ ነበር። የድሮ እውቀቱ እንዳያግዘው ብሎ ነው ትርጉም የለሽ ያደረጋቸው። ከዚያ ጊዜ አሳልፎ ያንኑ ዝርዝር እንደገና ይሸመድዳል። ሁለተኛው ዙር ምን ያህል ድካም እንደቀነሰለትም ይመዘግባል። ከአንድ ሰዓት በኋላ የቀነሰለት ድካም ከመጀመሪያው ድካም ግማሽ በታች ነበር። ከአንድ ቀን በኋላ ወደ አንድ ሦስተኛ፣ ከወር በኋላ ደግሞ ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ። ውጤቱን በ1885 አሳተመ። መርሳት መጀመሪያ ላይ ይፈጥናል፣ ከዚያ ይዘገያል። እንግዲህ ልጃችሁ ትናንት ያጠናውን ዛሬ ቢረሳ "ሰነፍ" ለማለት አትቸኩሉ።

ክበቡ የሚደግመው ሙከራ አሜሪካ ውስጥ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 ያሳተሙትን ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያ አንዳንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡት። ሌላውን ግን ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግሞ ማንበብ በለጠ፣ 81 ከመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ካነበቡት 42 ከመቶ፣ ዘግተው ከጻፉት 56 ከመቶ አስታወሱ። ደጋግሞ ያነበበ ልጅ ማታውኑ ብትጠይቁት ሁሉን ያወራላችኋል። ፈተና ላይ "ጠፋብኝ" ሲል እውነቱን ነው።

ይህ በእኛ ልጆችም ይሠራ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ልጆቹ በሁለት ቡድን የሚመደቡት በዕጣ ነው። ምርጫውን ለራሳቸው ብንተወው ጎበዞቹ አንድ ወገን ሊሰበሰቡ ይችላሉ። ያኔ ልዩነቱ ከአጠናኑ ይምጣ ከልጆቹ መለየት አንችልም። መድገሙም ተራ ነገር አይደለም። በ2015 የታተመ አንድ ሰፊ ሥራ 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን እንደገና ሞክሮ ነበር። በድጋሚው አጥጋቢ ውጤት የሰጡት ከሦስት አንዱ ያህል ናቸው። ተማሪዎቻችን ይህንን ገና በልጅነታቸው ማወቃቸው ደስ ይለኛል። ከረሜላውን ሳይበላ የታገሠ ሕፃን ሲያድግ ይሳካለታል የሚለውን የስታንፎርድ ጥናት ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በ2018 ከ900 በላይ ሕፃናትን ይዞ የወጣ ጥናት የቤተሰቡ ኑሮና ትምህርት ሲታሰብበት በትዕግሥቱና በኋላ ስኬቱ መካከል ያለው ግንኙነት በጣም እንደሚሳሳ አሳይቷል።

አሁን ወደ ፊርማው ልምጣ። በ1920 ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር "ትንሹ አልበርት" ብለው የጠሩትን ሕፃን ያጠኑበትን ሥራ አሳተሙ። ዕድሜው ወደ 11 ወር ነበር። ነጭ አይጥ ሲያሳዩት ምንም አልፈራም። እጁን ወደ አይጡ ሲሰድ ከጀርባው የብረት ዘንግ በመዶሻ እየመቱ በድምፁ ያስደነግጡት ጀመር። ጥቂት ከተደጋገመ በኋላ አይጡን ሲያይ ብቻ ያለቅስ ነበር። ጥንቸልም ፀጉራም ኮትም ያስፈራው ጀመር። ፍርሃቱ ሳይነቀልለት ሄደ። እኔም ልጅ አለኝ፣ ይህንን ባስተማርኩ ቁጥር ያመኛል። የዛሬ ተመራማሪ አስቀድሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴና የወላጅ ፈቃድ የሚጠይቀው እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደገም ነው። የእኛ ጥናት ማንንም አያስደነግጥም። ፈቃድ መጠየቁን ግን ልጆቹ ከመጀመሪያ ሥራቸው ይልመዱት።

ጥናቱ በሳምንት ልዩነት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ስለ ቤት፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ገቢ ወይም ስለ ጤና የሚጠየቅ ነገር የለም። ውጤቱ ሮስተር ላይ አይገባም። እናንተ ብትፈርሙም ልጁን ራሱን ደግመን እንጠይቀዋለን፣ መሀል ላይ ተነስቶ መውጣትም ይችላል። ካልተስማማችሁ "አልፈቅድም" የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ልጃችሁ በዚያ ሰዓት ላይብረሪ ይቆያል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቀው መምህር አይኖርም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። "የልጄ ውጤት ስንት ሆነ?" ብትሉኝ መልስ የለኝም። የምናወዳድረው ሁለት ቡድኖችን ነው፣ ስለ አንድ ልጅ ጉብዝና የሚናገር ነገር ከዚህ አይወጣም። የቡድኖቹን ውጤት ግን በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ተማሪዎቹ ራሳቸው ያቀርቡላችኋል።

ቅጹን እስከ ዓርብ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ መልሱልን። ጥያቄ ካላችሁ ጠዋት ልጆቹን ስታደርሱ ቢሮዬ ጎራ በሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር