የላይቭ ኤይድ መታሰቢያ ከኮረም ይጀምር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሐምሌ በመጣ ቁጥር፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በሀገራችን በረሃብ ለተጎዱ ወገኖች ገንዘብ ለማሰባሰብ በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት በየመገናኛ ብዙኃኑ ሲታወስ፣ ስለ ኩዊን ባንድ ብቃትና በኮንኮርድ አውሮፕላን ተሻግሮ በሁለቱም መድረኮች ስለተጫወተው ፊል ኮሊንስ ብዙ ይባላል። የረሃብተኞቹ መጠለያ የነበረባት የሰሜኗ ከተማ ኮረም ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳትነሳ ትታለፋለች፤ ይህም ዘወትር ያሳዝነኛል።

በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነገሩ ሁሉ የሆነው በአንዱ በ1977 ዓ.ም. ነው። መስከረም 2 ቀን፣ በሰሜን ወገን በረሃብ እያለቀ፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ ተከበረ። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል በርክ ስለ ረሃቡ ከኮረም ያቀረበው ዘገባ ተላለፈ፤ ያን ያየው ድምፃዊ ቦብ ጌልዶፍ ከሙዚቀኛው ሚጅ ዩር ጋር ለተራቡት መርጃ የሚሆን ዘፈን ደርሶ ኅዳር 16 ቀን ዝነኛ ድምፃውያንን ሰብስቦ አስቀረጸ። ጥር 20 ሌሊት ደግሞ ለዚሁ ዓላማ ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ የደረሱት ዘፈን በሎስ አንጀለስ ተቀረጸ። በዚያ ሌሊት በስቲቪ ዎንደር ጋባዥነት ስቱዲዮ የገቡ ሁለት ኢትዮጵያውያት ለዘፋኞቹ ምስጋና ሲያቀርቡ፣ ከእነዚያ ታላላቅ ሰዎች እንባው የመጣበት ጥቂት አልነበረም።

ከኮንሰርቱ ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝ እንግሊዛዊው ድምፃዊ ዴቪድ ቦዊ በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ያደረገው ነው፤ ከተመደበለት ሰዓት አንድ ዘፈን ቀንሶ፣ በረሃብ የተጎዱ ወገኖቻችንን የሚያሳየው ፊልም ለሕዝብ እንዲታይ አድርጓል።

የኮረሙን ምስል የቀረጹት ኬንያዊው መሐመድ አሚን ናቸው። እኒህ ሰው በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በደረሰው የጥይት መጋዘን ፍንዳታ ግራ እጃቸውን አጥተው በአንድ እጃቸው ሥራቸውን ቀጥለዋል፤ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ደግሞ የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሕይወታቸው አልፏል። የእሳቸው ካሜራ ባይኖር ኖሮ ዘፈኖቹም ኮንሰርቱም ባልተደረጉ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ ከመጪው ጥቅምት 13 ጀምሮ ቀኑን በየዓመቱ እንዲያስብ፣ በኮረም መጠለያ ያለፉትን፣ እህል ያከፋፈሉትንና አስከሬን ያነሱትን ሰዎች ቃልም በየስማቸው እንዲያትም በአክብሮት እጠይቃለሁ። ያኔ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረው ዛሬ ስልሳውን አልፏልና፣ ሥራው ለሌላ ጊዜ ባይቆይ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ