የዚንኩ ኪኒን 10 ቀን ይሙላ

ይድረስ ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ተቅማጥ ለያዛቸው ሕፃናት የሚሰጠውን ዚንክ ይመለከታል

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ከኦ.አር.ኤስ (በውኃ ተበጥብጦ ከሚጠጣው የጨውና የስኳር ዱቄት) ጋር ዚንክ የተባለው ማዕድንም ይሰጠው ያሉት በ1996 ዓ.ም. ነው። ኪኒኑ ይታዘዛል፤ ብዙ ጊዜ ግን ተወስዶ አያልቅም። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም እናት «ልጄ ዳነልኝ» ብላ የተረፈውን ታስቀምጣለች። አይፈረድባትም፤ ለምን 10 ቀን እንደሆነ የነገራት የለም።

ዚንክ ተቅማጡን ከማሳጠር አልፎ የተጎዳው የአንጀት ሽፋን እንዲያገግም ያግዛል፤ ተወስዶ ካለቀ ደግሞ በቀጣዮቹ ከ2 እስከ 3 ወራት ተቅማጡ የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል። ሰውነት የዚንክ ክምችት የለውም፣ ተቅማጥም ያለችውን ጠርጎ ይወስዳል። በገብስና በባቄላ ለሚያድግ የመንዝ ልጅ የጎደለውን ከምግብ ብቻ መተካት ይከብደዋል፤ በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ዚንኩን ይዞ አያስመጥጠውም። ማብቀልና ማቡካት ፋይቴቱን ይቀንሳሉ፣ ለታመመ ልጅ ግን ቶሎ አይደርሱም።

መጠኑ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የባለ 20 ሚሊ ግራሙ ኪኒን ግማሽ፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ደግሞ አንድ ሙሉ ኪኒን ነው። ኪኒኑ ንጹሕ ማንኪያ ላይ ይቀመጥና የታለበ የእናት ጡት ወተት ወይም ንጹሕ ውኃ ጠብ ይደረግበታል። ሳይነካ እስኪሟሟ ይጠበቃል፣ ለልጁ ይሰጣል፤ ማንኪያው ላይ የቀረውም በጥቂት ውኃ ታጥቦ ይጠጣል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ይደገምለታል። ኪኒኑን አንድ ሊትሩ ኦ.አር.ኤስ ውስጥ መጨመር ትልቁ ስሕተት ነው፤ ልጁ ጠርሙሱን ካልጨረሰ ስንት ሚሊ ግራም እንደገባው አይታወቅም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የጎደጎደ ዓይን ወይም መጠጣት ያቃተው ልጅ ከታየ ግን ዚንክ ብቻውን አይበቃም፣ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ!

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። 10 ፍሬ የያዘው የኪኒን ማሸጊያ ቅጠል እየተቆረጠ አይሰጥ። ኦ.አር.ኤሱና ዚንኩ በአንድ ከረጢት ይሰጡ፤ አንዱ ካለቀ ሌላው ብቻውን እየወጣ ነውና ጤና ኬላው ሁለቱንም በአንድ ላይ ጠይቆ ያስመጣ። የመጀመሪያዋን ኪኒን እናትየዋ እዚያው ጤና ኬላው ውስጥ በእጇ አሟሙታ ትስጥ። በ5ኛው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቷ ሄዳ የቀረውን ትቁጠርላት፤ 10 ሆኖ ከተሰጠና አንድ ሙሉ ከሚወስድ ልጅ ዘንድ የ5ኛው ቀን ኪኒን ከተወሰደ በኋላ ከ5 በላይ ከተረፈ የተዘለለ ቀን አለ ማለት ነው።

ክረምቱ ገብቶ ጎርፍ ምንጩን ከማደፍረሱ በፊት ይህን የያዘ መመሪያ ከሰኔ በፊት ለየወረዳው እንዲደርስ በአክብሮት እንጠይቃለን።

በሕፃናት ጤና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች