ለጅማና ለአጋሮ ወገኖቼ፦ የምስጋና መልእክት

ስለ ሁሉም ነገር እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን የምጽፈው ቤት ለቤት እየዞርኩ ማመስገን ስላልተፈቀደልኝ ነው። ሰውነቴ የተተከለልኝን ኩላሊት እንዳይቃወም የምወስደው መድኃኒት በሽታ የመከላከል አቅሜን ዝቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ሐኪሞቹ ሰው ከሚበዛበት ቦታ እንድርቅ አዘውኛል። ለቅሶም ሆነ ክርስትና አልደርስም። እዚሁ ጅማ መርካቶም ፈረንጅ አራዳም ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ሳልመጣ ብቀር አትቀየሙኝ።

ወንድሜ፣ ከአንተ ልጀምር። የደም ግፊት ሁለቱንም ኩላሊቶቼን እንዳደከማቸው ሲነገረን እናታችን ስታለቅስ አንተ ዝም ብለህ ወጣህ። ስትመለስ ያልከኝ «ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ሌላ ምንም አልጨመርክም። ዛሬ የአንተ ኩላሊት በሆዴ ታችኛው ክፍል፣ በቀኝ በኩል ሆኖ እየሠራልኝ ነው። ሚስትህንም አመሰግናታለሁ። ልጆቿን አቅፋ «ሂድ» ያለችህ እሷ ናት፤ የእሷ ስጦታ ካንተ አያንስም።

ቀዶ ሕክምናው የደረሰው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነበር። ቡና አምራች የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አጋሮ በኩል ያለው የወንድሜ ማሳ ቀልቷል፤ እሸቱ በጊዜው ካልተለቀመ ዛፉ ላይ ይደርቃል፣ መሬት ላይ ይረግፋል፣ የዓመት ልፋት በርካሽ ዋጋ ይሄዳል። እሱ ደግሞ ለአንድ ወር ተኩል ያህል ከባድ ነገር እንዳያነሳ ተከልክሏል። አዲስ አበባ አልጋ ላይ ተኝቶ የሚያስጨንቀው ቁስሉ ሳይሆን ቡናው ነበር።

የማሳ ጎረቤቱ የሆኑት ሐጂ መንደሩን ለደቦ ጠሩ። ማንም ሳይለምናቸው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወጣ፤ ሴቶቹ ቆሎና ቡና ይዘው መጡ፣ ልጆቹ ታችኛውን ቅርንጫፍ ለቀሙ። ቀዩን ከአረንጓዴው ለይተው፣ በቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥተው፣ ቀን እያገላበጡ፣ ሌሊት እየሸፈኑ አደረቁት። ሐጂ ስልክ ደውለው «ቡናው ገብቷል፤ አንተ እህትህን ጠብቅ» ሲሉት ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ሐጂ፣ አባቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። በዱአችሁ ያሰባችሁኝ ሁሉ ፈጣሪ ዱአችሁን ይቀበል።

ብዙዎቻችሁ እየደወላችሁ «እሰይ፣ አሁንማ ደስ ይበልሽ» ትሉኛላችሁ። ደስ ብሎኛል። ግን ደስታውን ያገኘሁት ገና የኩላሊት እጥበት ማሽኑ ላይ ሳለሁ ነው፤ ይህን ሳልናገር ምስጋናዬ ሙሉ አይሆንም።

እጥበት ላይ አንዴ ለመታጠብ አራት ሰዓት ያህል ይተኛል። በሳምንት ሦስት ጊዜ መሆን ሲገባው በገንዘብ እጥረት ሁለቴ ብቻ የምንመላለስ ብዙ ነበርን። ውሃ እንኳ ተለክቶ ይጠጣል። ሙዝና አቮካዶ በየመንገዱ በሚሸጥባት ጅማ ሁለቱም ተከለከሉብኝ፤ ፖታሲየም ይበዛባቸዋል፣ የደከመ ኩላሊት ደግሞ ፖታሲየምን ማስወጣት ስለማይችል ሲጠራቀም ልብን እስከማቆም ያደርሳል።

አጠገቤ ባለው አልጋ የምትታጠብ አንዲት እናት ነበረች። የዕለቱን ዳዊት በቃሏ ትደግማለች። «እግዚአብሔርን ሁልጊዜ እባርከዋለሁ» ላይ ስትደርስ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች፤ እኛም ከየአልጋችን «ምስጋናው ዘወትር በአፌ ነው» ብለን እንቀበላታለን። ከዚያ ስለ ልጆቿ እያወራች በሳቅ ታንከተክተናለች። እስክንታመም ስቀን ነርሶቹ የሚቆጡን ቀን ነበር። በዚያ ክፍል ያገኘሁትን ደስታ በሠርጌም ቀን አላገኘሁትም።

ለእሷ ግን ከቤተሰቧ ኩላሊቱ የሚስማማት ሰው አልተገኘላትም። አረፈች። እምነቷ ከእኔ አንሶ አይደለም፤ እንዲያውም እኔን ያጸናችኝ እሷ ናት። እኔ የተረፍኩት አብልጬ ስለጸለይኩ ነው ብል እሷን መበደል ይሆንብኛል። «እምነት ካለሽ ትድኛለሽ» እያላችሁ በቅንነት ያጽናናችሁኝ ሰዎች፣ ልባችሁን አውቃለሁ፣ አመሰግናችኋለሁም፤ ይህን ቃል ግን ለሌላ ሕመምተኛ ከመናገራችሁ በፊት እሷን አስቧት።

ንስሐ አባቴን እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ። ጸበል ጠጥቼ ልዳን ብዬ ብጠይቃቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ሐኪሙ ስንት ውሃ እንደፈቀደልኝ ነው። «ተጠመቂ፤ ለመጠጡ ግን ጥቂት ቅመሽ፤ በረከቱ በብዛቱ አይደለም» አሉኝ። በዐቢይ ጾምም መድኃኒቴን በሰዓቱ እንድወስድ አዘዙኝ። አባታችን፣ ሕክምናውንና ጸሎቱን ስላላጣሉብኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ለፊልጵስዩስ ሰዎች የተጻፈውን መልእክት ደጋግሜ ያነበብኩት በእነዚያ ወራት ነው። «ደስ ይበላችሁ» የሚለው ቃል የሚመላለስበት መልእክት ነው፤ ጳውሎስ የጻፈውም በእስር ሆኖ ነው። ከዚህ በፊት ያላስተዋልኩት ግን ይህ መልእክት የምስጋና ደብዳቤም መሆኑን ነው። ምእመናኑ ያላቸውን ሰብስበው በአፍሮዲጡ እጅ ልከውለታል፤ አፍሮዲጡም በዚያው ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር፣ እግዚአብሔርም ማረው። እስር አለ፣ ሕመም አለ፣ የተዋጣ ስጦታ አለ፤ ደስታውም በዚያው መሀል ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ የእድሩ ሰብሳቢ መዝገቡን ይዘው ወደ ቤታችን ሲመጡ የማያቸው በሌላ ዓይን ሆነ።

እድርተኞች፣ የማኅበር እህቶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከደሞዛችሁ የቆረጣችሁልኝ፣ እናንተ የላካችሁት ነው ያቆየኝ። ያስተማርኳቸው ልጆች የምሳ ብራቸውን በፖስታ አድርገው የላኩልኝንም ተቀብያለሁ፤ ፖስታውን እስካሁን አልጣልኩትም።

ጅማና አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። የጊቤን ቁልቁለት ስንወርድ ሲያጥወለውለኝ አውቶቡሱን እያቆመ የጠበቀኝ፣ የፊተኛውን ወንበር የለቀቀልኝ ሾፌር፣ ስምህን ሳልጠይቅ ወረድኩ። ይህን የምታነብ ከሆነ አንተን ማለቴ ነው።

በጳውሎስ ሆስፒታል ለነበሩት ሐኪሞች፣ ነርሶችና የጽዳት ሠራተኞች ምን ልበል። እዚያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ውጭ ሀገር ይሄድ ነበር፤ የእኔ ቢጤ አስተማሪ ግን ቤቱ ሆኖ ሞቱን ይጠብቅ ነበር። ኩላሊቱ መሥራቱን ለማወቅ ሌሊት ሌሊት ሽንቴን እየለካችሁ የደስታ እልል ያላችሁ እህቶች፣ ለሽንት እልል ሲባል ያየሁት በእናንተ ነው!

እናቴ፣ የአንቺን ለብቻ ልነግርሽ ነው፤ እዚህ አይበቃውም።

አሁን የምለምናችሁ ነገር አለ። ለእኔ ስታዋጡ የነበራችሁ ሰዎች፣ እጃችሁን አትሰብስቡ። በየከተማው እጥበት ላይ ያሉ፣ የቀጣዩን ቀን ክፍያ የማያውቁ ሰዎች አሉ። ገንዘብ የሌላችሁ ሂዱና አጠገባቸው ተቀመጡ፤ አራት ሰዓት ረጅም ነው። ሁላችሁም ደግሞ ግፊታችሁን ተለኩ፤ እኔ ምንም ሳያመኝ ነው ኩላሊቴን የጨረሰው።

ልትጠይቁኝ የምትፈልጉ ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ ከሰዓት በኋላ ኑ። ጉንፋን የያዘው ሰው ይደውልልኝ እንጂ አይምጣ።

እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልኝ።

እህታችሁ፣ ከጅማ