ደብዳቤ ለልጄ፦ ሰዎቹን አታጣድፊያቸው

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ልጄ፣

በስልክ ልነግርሽ ነበር። "እማዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ" ብለሽ ዘጋሽው። አልደወልሽም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ሥራሽን ለአንድ አፍታ አቁመሽ አንብቢው።

መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ዳይሬክተር ሆነች ሲሉኝ እልል ብያለሁ። ለሥላሴ ተስዬ ነበርና ጧፍና ዣንጥላ አስገብቻለሁ። የዕድሩ እናቶች በሙሉ ሰምተው መርቀውሻል። አባትሽ ቢኖር እንዴት እንደሚሆን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ግን ትናንት አክስትሽ መጥታ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ካዛንቺስ ቢሮሽ ውስጥ ታመሻለች፣ አንዳንዴም እዚያው ታድራለች አለችኝ። እሺ፣ እሱስ ይሁን። ደም የተቃቡትን የሁለቱን ወረዳ ሽማግሌዎች በ15 ቀን ውስጥ እርቅ አስፈርማለሁ ብለሻል አሉ። ፕሮጀክቱ ሰኔ ላይ ስለሚዘጋ፣ ለጋሾቹም ሪፖርት ስለሚጠብቁ። ልጄ፣ አታጣድፊያቸው።

ስለ ሥራዬ ምን ታውቂያለሽ እንዳትዪኝ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ወጥቶ፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በእርቅና በግጭት አፈታት ላይ አይሠራም ሲባል እዚህ ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ አልቅሰሻል። "እርቅ የሚለውን ቃል ከፕሮፖዛሉ አውጡ ተባልን" ብለሽኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ የውኃ ጉድጓድና የንብ ቀፎ ፕሮጀክት ስትጽፊ ኖርሽ። በመስክ ከንብ ቀፎው ጀርባ ሰው ስታስታርቂ እንደነበርም አውቃለሁ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ወጥቶ ክልከላው ሲነሳ ለመጀመሪያ የደወልሽው ለእኔ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የታገሠች ልጅ አሁን ለሰኔ ብላ ምን ያሯሯጣታል?

ጋቢሽን እዚህ ረስተሽ ነው የሄድሽው። ማታ ይበርዳል። ወንድምሽ ያመጣልሻል።

የአያትሽን ነገር ነግሬሽ አውቃለሁ፣ ግን በደንብ አልነገርኩሽም። አባቴ የገዳይና የሟች ወገን እያስታረቁ ደም ሲያደርቁ የኖሩ ሰው ናቸው። መንዝ ሳለን፣ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ፣ በእርሻ ድንበር ጠብ ሰው ተገደለ። ሽማግሌ ተላከ። የገዳይ ወገን መንገድ ይለቃል፤ ገበያም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ከሟች ወገን ጋር አይገናኝም። ሽማግሌ ይሄዳል፣ ሟች ቤት እምቢ ይላል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ሐዘንተኛ ደጋግሞ እምቢ ካላለ ልቡ አይወጣለትም። የዚያን ጊዜ ግን የወረዳው ገዢ ቸኮለ። ከመስቀል በፊት አልቆ ልይ አለ። ሽማግሌዎቹ እሺ አሉ። አባቴም እሺ አሉ። ካሳው ተቆረጠ። ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ወደቀ፣ ይቅር ተባለ። በግ ታርዶ ሁለቱ ወገን ከአንድ መሶብ ተቀመጡ።

የሟች እናት እዚያ ነበሩ። እኔ እጅ ሳስታጥብ ነበርና አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። እንጀራውን ቆረሱ፣ ወጡን አስነኩት፣ ጠቀለሉት፣ ከዚያ መሶቡ ጠርዝ ላይ አኖሩት። ሌላ ቆረሱ። እሱንም አኖሩት። አንድም ጉርሻ ወደ አፋቸው አልገባም። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ዝም አሉ። ሌላው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ መረቀ። አባቴ እኚያን ሴት ሲያዩ ነበር። ገዢው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ምርቃቱ ተጀምሮ፣ ምን ይበሉ? ዝም አሉ።

በዓመቱ የሟቹ ታናሽ ወንድም የገዳዩን ልጅ ገደለ።

አባቴ እስኪሞቱ ድረስ "እሷ ሳትበላ አስነሳኋቸው" ይሉ ነበር። ቡና እየጠጡ፣ ምንም ያልተያያዘ ወሬ እያወሩ፣ ድንገት ይሉታል። ከዚያ ወዲያ የገቡበት ሽምግልና ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጅ ነበር። ሰው "የሳቸው እርቅ አያልቅም" ብሎ ያማቸዋል። እሳቸው ግን ካሳ ከመነሳቱ በፊት እናቲቱ ዘንድ ሄደው ይቀመጣሉ። ብዙ ጊዜ ምንም ሳይነጋገሩ ነው ተቀምጠው የሚመለሱት።

እናንተ ደግሞ ሽማግሌዎቹን ሆቴል ታመጣላችሁ፣ ከጀርባቸው ባነር ትሰቅላላችሁ፣ አበል ትከፍላላችሁ። ክፉ ነው አላልኩም፤ ሩቅ ለመጣ ሰው ትራንስፖርትና ማደሪያ ይገባዋል። ግን አበሉን ተቀብሎ የፈረመው ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ምን ትለዋለች? ልጇን የቀበረች ሴት ነች እኮ። እሷን ማን ጠየቃት?

የጋሞ አባቶችን እንደምታነሺብኝ አውቃለሁ። በመስከረም 2011 አርባ ምንጭ ላይ እርጥብ ሳር ይዘው ተንበርክከው ያን ሁሉ የተቆጣ ወጣት መለሱት። እውነት ነው፣ በአንድ ቀን ነው። ግን ልጆቹ የዚያን ሳር ትርጉም ያወቁት የዚያን ቀን ነው ወይ? እያዩት ነው ያደጉት። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነትስ ትዪኝ ይሆናል። ንግግሩ ተጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 እስኪፈረም 10 ቀን አልሞላም። እኔም ቴሌቪዥኑ ፊት አልቅሻለሁ። ጥይት የሚያቆም ፊርማ ከሆነ በአንድ ሌሊትም ይፈረም። ያንቺ ሰዎች ግን በአንድ ወንዝ ከብት የሚያጠጡ፣ አንድ ገበያ የሚውሉ ናቸው። ነገ ጠዋት እዚያው ይገናኛሉ። አታጣድፊያቸው።

እስከ ዛሬ "አለቃዬ ነው ያለው" ትዪ ነበር። አሁን አለቃዋ አንቺ ነሽ። ቀኑ ይገፋ ብሎ መፈረም የሚችለው ሰው አንቺ ነሽ። አንቺ ስትቸኩዪ ከሥርሽ ያሉት ልጆች ይሮጣሉ፤ ወረዳ ላይ ያለው ልጅ ደግሞ አለቃዬን ደስ ላሰኝ ብሎ ያልተስማማውን ተስማምቷል ብሎ ይጽፍልሻል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እዚህ የሚፈሰው ግን የሰው ደም ነው።

ያንን ኖ ኮስት ኤክስቴንሽን የምትሉትን፣ ያለ ተጨማሪ ገንዘብ ጊዜ ማራዘሚያውን፣ ዛሬውኑ ጠይቂ። ደብዳቤው ነገ አይባልም። እምቢ ካሉም ጉድለቱን ከአስተዳደር ወጪ ልሙላ እንዳትዪ። ሕጉ ከ20 በመቶ አይለፍ ይላል፤ ሒሳብ ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ኦዲተር ሲመጣ ለደግ ሥራ ነበር ብትዪ የሚሰማሽ የለም።

መስክ ስትሄዱ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ እንዳትገኚ። ሹፌሩ ቢቸኩልም አንቺ እምቢ በይ። በአንደኛው ወገን ቤት ምሳ ከበላሽ በሌላውም ብዪ፣ ጠግበሽም ቢሆን። አጎበር ያዢ። የደም ግፊት መድኃኒትሽን ቦርሳሽ ውስጥ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አታድርጊ። ደክሞሽ ስትናገሪ ድምፅሽ ይሻክራል፤ ሐዘንተኛ ፊት እንዲያ ሆነሽ አትቅረቢ። ተኝተሽ ሂጂ፣ የኔ እናት።

ልጆቻቸው የሞቱባቸውን እናቶች በየቤታቸው ሂጂና ጠይቂ፣ ከሁለቱም ወገን። ወረቀት ይዘሽ እንዳትገቢ፣ ፎቶ የሚያነሳ ልጅም እንዳታስከትዪ። ወንድምሽ ጋቢውን ሲያመጣልሽ ቡናም እልክልሻለሁ፤ ለየቤቱ ኪሎ ኪሎ አድርገሽ አከፋፍዪው። ስኳሩን ከዚያው ግዢ፣ በመንገድ እርጥበት ያበላሸዋል። ስንት ቤት እንደሆነ ዛሬ ማታ ደውለሽ ንገሪኝ፤ ቡናው እንዳያንስ።

እናትሽ