«የተሸናፊ ቡድን» ላሉት ጸሐፊ፣ ከታክሲ ተራው

ውድ አዘጋጅ፦

ባለፈው እትማችሁ የስፖርት ገጽ ላይ ስለ ቤዝቦል ቡድናችን፣ ስለ ሲያትል ሜሪነርስ፣ የወጣውን ጽሑፍ ያነበብኩት ሲታክ ኤርፖርት የታክሲ ተራ ስጠብቅ ነው። ጸሐፊው ሦስት ነገር ብለዋል። ሜሪነርስ የተሸናፊ ቡድን ነው። ቤዝቦል እንቅልፍ የሚያመጣ ጨዋታ ነው። ጨዋታውን የሚያሳየው የቴሌቪዥን ቻናል ጭቅጭቅ ደግሞ የፈረንጆቹ ራስ ምታት ነው እንጂ እኛን አይመለከተንም። ጮክ ብዬ ለተራ ጓደኞቼ አነበብኩላቸው። አንዱ «ቆይ፣ ሰውዬው ሲያትል ነው የሚኖሩት?» አለ።

ስለ እንቅልፉ አልከራከርም። እኔም የመጀመሪያውን ዓመት ተኝቼበታለሁ።

ወደዚህ አገር የመጣሁት በፈረንጆቹ 2000 ነው። በዓመቱ የሌሊት ታክሲ ጀመርኩ። እንግሊዝኛዬ ገና ነው፤ ከተማውንም በቅጡ አላውቀውም። ተሳፋሪው ግን ገብቶ በሩን ሳይዘጋ «ጌሙን ክፈትልኝ» ይላል። የቱን ጌም? ቀስ በቀስ ጣቢያውን ለመድኩት። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ዴቭ ኒሃውስ ይባላል። ቡድኑ ከተመሠረተበት ከ1977 ጀምሮ በ2010 እስኪሞት ድረስ ከዚያ ማይክሮፎን አልተለየም። ኳሷ አጥሩን ልትሻገር ስትል «ማይ ኦ ማይ!» ይላል። ከሚያወራው ግማሹ አይገባኝም ነበር። ግን ደምሴ ዳምጤን በሬዲዮ እየሰማ ላደገ ሰው፣ ድምፅ ብቻውን ሜዳ እንደሚያሳይ ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ መብራት ይዞን እንደቆምን ደረሰኝ ገልብጦ ሜዳውን ሣለልኝ። እዚህ ይወረወራል፣ እዚህ ይመታል፣ ዞሮ እዚህ የተመለሰ ነጥብ ነው። ያ ደረሰኝ ለወራት ዳሽቦርዴ ላይ ነበር።

ዓመቱ 2001 ነው። ኢቺሮ የተባለው ኮከብ ከጃፓን የመጣበት፣ ቡድኑ ከ162 ጨዋታ 116ቱን ያሸነፈበት ዓመት። እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በኋላ ሜሪነርስ ጥሎ ማለፍ የገባው በ2022 ነው። በዚህ መሃል እኔ አገባሁ፣ ልጅ ወለድኩ፣ ሦስት መኪና ቀየርኩ።

ጸሐፊው «ተሸናፊ» ሲሉ ይህን ማለታቸው ከሆነ ልክ ናቸው። ከ30ዎቹ ቡድኖች ወርልድ ሲሪስን፣ የመጨረሻውን የዋንጫ ፍልሚያ፣ ረግጦ የማያውቅ ሜሪነርስ ብቻ ነው። እኔ ግን የቡና ደጋፊ ሆኜ ያደግኩ ሰው ነኝ። ጊዮርጊስ ዋንጫ ሲደረድር እያየን ኖረን፣ ፕሪሚየር ሊጉን በ2003 ዓ.ም. ስንበላ እኔ እዚህ ነበርኩ። ወንድሜ ስልኩን ወደ ጎዳናው አዙሮ ጩኸቱን አሰማኝ። የሚሸነፍ ቡድን መደገፍ ለአንዳንዶቻችን አዲስ ሙያ አይደለም።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ትንሽ ላስረዳ። ቤዝቦል ሁለት ሊግ አለው። የየሊጉ አሸናፊ የሚሰቅለው ባንዲራ «ፔናንት» ይባላል፤ ሁለቱ ባለባንዲራዎች ወርልድ ሲሪስ ላይ ይገናኛሉ። እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ 162 ጨዋታ አለ። በየቀኑ ነው ማለት ይቻላል። አርሰናልን በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ታዩታላችሁ። ቤዝቦል ግን እንደ ጀበና ነው፤ በየቀኑ ይጣዳል። ሜሪነርስ በ2023 ጥሎ ማለፉ ያመለጠው በአንድ ጨዋታ ነው። በ2024ም በአንድ ጨዋታ። ያቺ አንዲት ጨዋታ ኤፕሪል ውስጥ፣ በብርድ፣ ግማሽ ባዶ በሆነ ስቴዲየም የተሸነፍናት ማክሰኞ ልትሆን ትችላለች። እኔ በዚያች ማክሰኞ ነው የምናደደው።

ተራው ላይ ትልቁ ክርክራችን ይኸው ጥሎ ማለፍ ማን ይግባ የሚለው ነው። አንድ ጎንደሬ ወዳጃችን አለ፤ ከሁላችንም በላይ ቤዝቦል ያውቃል። እሱ የድሮው ነበር ውድድር ይላል። በ1993 ሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ 103 ጨዋታ አሸንፎ ቤቱ ቀረ፤ በዚያው ምድብ አትላንታ 104 አሸንፎ ነበርና። ያኔ ከምድብ አንደኛ ያልሆነ ጥሎ ማለፍ አይገባም። አሁን ከ2022 ጀምሮ ከየሊጉ ስድስት ስድስት ይገባል። በ2023 አሪዞና 84 ብቻ አሸንፎ ወርልድ ሲሪስ ደረሰ። «ይሄ ሎተሪ ነው» ይላል ጎንደሬው።

ስለ አሪዞና እውነቱን ነው፤ እኔንም ደስ አላለኝም። ግን ስድስት ቦታ ባይኖር ኖሮ እኛ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ በአንድ ጨዋታ የምንቃጠለው በምን ነበር? በ2022ም ሃያ አንዱን ዓመት ያበቃው ይኸው የዋይልድ ካርድ፣ ምድቡን ሳያሸንፉ የሚገቡበት፣ በር ነው። ሴፕቴምበር 30 ማታ፣ አንድ ለአንድ፣ ዘጠነኛውና የመጨረሻው ዙር (ኢኒንግ ይሉታል)፣ ሁለት ሰው ወጥቷል፤ ሦስተኛው ከወጣ ዙሩ ያልቃል። ተቀይሮ የገባው ካል ራሌይ ፒቸሩን፣ ኳስ ወርዋሪውን፣ እስከ መጨረሻዋ ኳስ ወስዶት አጥሩን አሻገረው። ከልጄ ጋር ሶፋ ላይ ነበርን። ልጄ የኔን እንባ ያየችው ያን ቀን ነው። ባለቤቴ ከኩሽና «ማን ሞተ?» ብላ እየሮጠች መጣች።

በ2025ማ በዋይልድ ካርድም አልገባንም፤ ምድቡን ራሱን ወሰድነው፣ ከ2001 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሴፕቴምበር ላይ ከ18 ጨዋታ 17ቱን አሸነፉ። ሂውስተን ድረስ ሄደው አስትሮስን በሜዳው ሦስቱንም ጨዋታ አሸንፈው ጠርገው መጡ። ራሌይ 60 ሆም ረን መታ፣ ማለትም 60 ጊዜ ኳሷን አጥር አሻገረ፤ ካቸር ነው እኮ፣ ማታ ሙሉ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበል ሰው! አሰልጣኙ ዳን ዊልሰን ራሱ የ1995ቱ ቡድን ካቸር ነበር። ያ ቡድን ኦገስት ላይ 13 ጨዋታ ወደ ኋላ ቀርቶ ደርሶ ያለፈው ነው። የድሮ ሰዎች ያ ዓመት ባይሆን ኖሮ ቡድኑ ዛሬ ሲያትል አይኖርም ይላሉ።

ጥሎ ማለፉ ላይ ኦክቶበር 10 ከዲትሮይት ጋር የተደረገው ጨዋታ 15 ኢኒንግ ፈጀ። አምስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከአውሮፕላን የወረደ ተሳፋሪ ሁሉ አድራሻውን ሳይሰጠኝ «ስንት ለስንት ነው?» ይል ነበር። አንዷ ቤቷ ደርሳ ሒሳቧን ከፍላ አልወርድ አለች፤ ኢኒንጉ ይለቅ ብላ። ሜትሩን አጠፋሁና አብረን ሰማን። 3 ለ 2 አሸነፍን።

ከዚያ ለፔናንቱ ቶሮንቶ መጣ። ቶሮንቶ የአክስቴ ልጅ አለ፤ የከተማው ቡድን የብሉ ጄይስ ያበደ ደጋፊ ነው። እሱም «እኛ ነን ደካማዎቹ፤ አምና ከምድባችን መጨረሻ ነበርን» ይላል። በ1992 እና በ1993 ሁለት ዋንጫ የበላ ከተማ ስለ ድካም ሊያስተምረኝ! ሰባተኛው ጨዋታ ኦክቶበር 20፣ ሰኞ ማታ ነው። ተራው ላይ ስድስት ሆነን በእኔ ስልክ እናያለን። ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ 3 ለ 1 እየመራን ነው። ቶሮንቶዎች ዞረው ነጥብ ሊያስቆጥሩ የሚጠብቁ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ አላቸው። መቺው ጆርጅ ስፕሪንገር ነው።

ስልኬ ጠራ። የቶሮንቶ ቁጥር። እኔ ስክሪን ላይ ፒቸሩ ገና ኳሷን እያሻሸ ነው።

የኢንተርኔት ስርጭት ከእውነተኛው ጨዋታ ወደ ኋላ እንደሚቀር አውቃለሁ። ስንት ሴኮንድ እንደሆነ ግን ያን ቀን ነው የቆጠርኩት። ስድስታችንም ስልኩን እያየን ዝም አልን። አላነሳሁትም። ፒቸራችን ባዛርዶ ወረወረ፣ ስፕሪንገር መታ፣ አጥሩን አሻገረ፣ 4 ለ 3። አለቀ። አሰልጣኙ ሙኞዝን፣ ጨዋታ የሚዘጋልንን ፒቸር፣ ለምን እዚያ ላይ አላስገባም የሚለው ክርክር እስካሁን ተራው ላይ አልቆመም። ጎንደሬው ዊልሰንን ይቅርታ አላደረገለትም። እኔ አድርጌለታለሁ፤ ግማሹን። (ቶሮንቶም ወርልድ ሲሪሱን በሰባተኛው ጨዋታ፣ በ11ኛው ኢኒንግ ለሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ አስረከበ። ለአክስቴ ልጅ ደወልኩለት። እሱም አላነሳም።)

አሁን ወደ ቻናሉ ጉዳይ ልምጣ፤ ብዕር ያስነሳኝ እሱ ነውና።

እስከ 2023 ድረስ ቤታችን ውስጥ ጨዋታው በመደበኛው የኬብል ጥቅል ይገባ ነበር። ያን ዓመት መጸው ላይ የኬብል ድርጅቴ የቡድኑን ቻናል ወደ ውዱ ጥቅል ወሰደው። በወር ወደ 20 ዶላር ተጨማሪ። ደወልኩ፤ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ አንዲት ትሁት ልጅ «ምርጫው የእርስዎ ነው» አለችኝ። ኬብሉን ቆረጥኩት። በ2024 የሊጉን አፕ ገዛሁ። ሜሪነርስን ስነካ ስክሪኑ ጨለመ፤ «በአካባቢዎ አይታይም» ይላል። ዳላስ ያለው የባለቤቴ ወንድም ሜሪነርስን በዚያው አፕ ያያል፤ ኳሱ ደንታውም አይደለም። እኔ ከስቴዲየሙ የ15 ደቂቃ መንገድ ላይ ተቀምጬ አላይም።

ነገሩ ሲገባኝ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ክልል ተሰጥቶታል። የሜሪነርስ ዋሽንግተንን፣ ኦሪገንን፣ አይዳሆን፣ ሞንታናን፣ አላስካን ይይዛል። በክልሉ ውስጥ ጨዋታውን የማሳየት መብት ለአካባቢው ቻናል ተሸጦ ነበር፤ አፑ እዚያ ውስጥ እንዲጨልም የተደረገው ያንን መብት ለመጠበቅ ነው። አዮዋ ያለ ሰው ደግሞ አንድም ቡድን በግዛቱ ሳይኖር ስድስት ቡድኖች ይጨልሙበት ነበር። ይህ ሁሉ ይሠራ የነበረው ኬብል በየቤቱ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ጨዋታ የማታይ ሴትዮም ሳታውቀው በቢሏ ለቡድኑ ትከፍል ነበር። ሰው ኬብል መቁረጥ ሲጀምር ገንዘቡ ነጠፈ። በ2023 የብዙ ቡድኖችን ጨዋታ የያዘው ትልቁ ድርጅት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ የሳን ዲዬጎን ስርጭት ሊጉ ራሱ ተረከበ። ከ2026 ጀምሮ የሜሪነርስንም ሊጉ ነው የሚያዘጋጀው።

ጸሐፊው ይህ እኛን አይመለከትም ሲሉ ልጄን ባያት ኖሮ አይሉትም ነበር። በ2022 ያለቀሰ አባቷን ያየችው ልጅ አሁን 15 ዓመቷ ነው። የራሌይን 60 ሆም ረን አንድ በአንድ አይታለች፤ በስልኳ፣ ቁርጥራጩን። «አባዬ፣ አየኸው?» ብላ ታሳየኛለች። አሥር ሴኮንድ ነው። በዚያች ኤፕሪል ማክሰኞ ማን ኳስ እንደጣለ፣ ማን ሦስት ሳምንት ሳይመታ ቆይቶ እንደነቃ አታውቅም። እኔ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ የተጣበቅኩት በዚያ ነው። ኦክቶበር ላይ ሁሉም ሰው ኮፍያ ያደርጋል። ደካማ ቡድን ግን ደጋፊ የሚያገኘው ሲሸነፍ የሚያየው ሰው ሲኖረው ነው። ሲሸነፍ ማየት በወር ተጨማሪ 20 ዶላር ከሆነ ማን ይከፍላል? ለአርሰናል በወር የምንከፍል አለን፣ አውቃለሁ። እሱን ግን ወደነው የመጣን ነን። ልጆቻችን ግን እዚህ ነው የሚወዱትን የሚያገኙት።

ስለዚህ ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ትንሽ ነው። አርሰናልና ማንቸስተር በየሳምንቱ ሁለት ገጽ ያገኛሉ። ከመጪው ማርች ጀምሮ ለሜሪነርስ አንድ ዓምድ ብቻ። አዲሱ ስርጭት ለአካባቢው ሰው በስንት ብር እንደሚታይ፣ የትኛው ጥቅል ውስጥ እንዳለ፣ የትኞቹ ጨዋታዎች ሌላ ቦታ እንደተሸጡ በአማርኛ ጽፋችሁ ብታወጡልን። ሬይኒር አቬኑ ላይ ያሉ ምግብ ቤቶቻችንም እግር ኳስ በሌለበት ማታ አንዱን ስክሪን ለዚህ ቢለቁት ደስ ይለኛል። ባለቤቶቹን አናግሬያለሁ፤ አንዱ «ሰው ካመጣህ እከፍታለሁ» ብሎኛል።

ለጸሐፊው ደግሞ ግብዣ አለኝ። ሬዲዮው አሁንም ነጻ ነው። ማርች መጨረሻ ላይ ተራው ድረስ ይምጡ፤ ፔርሙዝ ሙሉ ቡና አለኝ፣ የፊት ወንበሩንም እለቅልዎታለሁ። ከአምስተኛው ኢኒንግ በኋላ ቢተኙ አልቀሰቅስዎትም።

አክባሪዎ፣
የታክሲ ሹፌር፣ ከሲያትል